ለሕንፃ አሠሪዎች ሁሉ፤ የውል አስተዳዳሪያችሁን እጅ አትጠምዝዙ

ሕንፃ ለምታሠሩ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣ ለቦርድ አባላትና ለግል ባለሀብቶች፤

ጉዳዩ፦ የውል አስተዳዳሪን ሥራና ሥልጣን ይመለከታል

የግንባታ ውል በማስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ነው። የውል አስተዳዳሪ ስትቀጥሩ በአንድ ክፍያ ሁለት ሰው እንደ ቀጠራችሁ ቁጠሩት። አንዱ የእናንተ ሰው ነው፤ ሌላው የውሉ ሰው ነው። የመጀመሪያውን አሠሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይጠራዋል፣ ያዝዘዋል፣ ሪፖርት ይቀበለዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ጉዳዩ ግልግል ዳኛ ፊት ከቀረበ በኋላ ነው።

ልዩነቱን በሥራ እናሳያችሁ። የዲዛይን ለውጥ ስታስቡ አስተዳዳሪው ወጪውን ገምቶ ይነግራችኋል፤ ከፈቀዳችሁ ትእዛዙን ለተቋራጩ ይጽፋል። ዋስትናና ኢንሹራንስ ጊዜው ሊያልፍ ሲል ያስታውሳችኋል። ሥዕል ከዘገየ ነዳፊውን ይወተውታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው እናንተን ወክሎ ነው። የወሩን ክፍያ ሲያረጋግጥ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ሲመዝን፣ አዲስ ነጠላ ዋጋ ሲተምን፣ ሕንፃው ለርክክብ ደርሷል ወይስ ገና ነው ሲል ግን ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ወረቀት ነው የሚወክለው።

ይህ የሙያተኛ ትምክህት አይደለም፤ ውሎቹ ራሳቸው የሚሉት ነው። የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ፊዲክ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የግንባታ ውል፣ መሐንዲሱ (የውል አስተዳዳሪው በዚህ ውል የሚጠራበት ስም ነው) ለአሠሪው እንደሚሠራ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ አንቀጽ 3.5 ላይ ሲደርስ ከሁለቱም ወገኖች ጋር እንዲመክር፣ ስምምነት ከጠፋም ሁኔታዎቹን ሁሉ አመዛዝኖ ፍትሐዊ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዝዘዋል። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ እትም በአንቀጽ 3.7 ይህንኑ ይበልጥ አጥብቆታል። መሐንዲሱ በዚህ ሥራው በወገኖቹ መካከል ገለልተኛ ነው፤ ለአሠሪው እንደሚሠራም አይቆጠርም፤ ውሳኔውን ለመስጠት የአሠሪውን ፈቃድ መጠየቅም አይጠበቅበትም።

ገለልተኛ ማለት ለተቋራጩ የሚራራ ማለት እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በሰትክሊፍና በታክራህ ክርክር የወሰነውን ማስታወስ ይበቃል። አርክቴክቱ ጉድለት ላለበት ሥራ ጭምር ክፍያ አረጋግጦ ነበር፤ ተቋራጩ ከሰረ፤ የከፈለው ገንዘብ የቀረበት ባለቤት አርክቴክቱን ከሰሰው። አርክቴክቱ «እንደ ዳኛ ነው የሠራሁት፤ አልጠየቅም» ብሎ ተከራከረ። ጌቶቹ አልተቀበሉትም። በሁለቱ ወገኖች መካከል በቅንነት የመሥራት ግዴታ እንዳለበት ተናገሩ፤ ይህ ግን ለአሠሪው ካለበት የጥንቃቄ ግዴታ ነፃ እንደማያወጣው ወሰኑ። ስለዚህ አስተዳዳሪያችሁ አብዝቶ ሲያጸድቅ በሕግ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። አሳንሶ እንዲያጸድቅ ልታስገድዱት ግን አትችሉም።

አሁን ወደ ክፍያው እንግባ። እጃችን በብዛት የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ እንቆይበታለን። የምንጠቅሳቸው ቀኖች የ1999ኙ ፊዲክ ናቸው፤ ለእናንተ ሥራ ብቻ ተጨምረው የተጻፉት የውሉ ልዩ ሁኔታዎች ቀይረዋቸው ከሆነ በዚያ ቁጠሩ።

ተቋራጩ በወሩ መጨረሻ የክፍያ መጠየቂያውን ከማስረጃው ጋር ለመሐንዲሱ ያስገባል። መሐንዲሱ በ28 ቀን ውስጥ የሚከፈለውን መጠን የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ሰርተፊኬቱን፣ ያወጣል። አሠሪው የሚከፍለው መጠየቂያው መሐንዲሱ እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ56 ቀን ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ 56ቱ ቀን ሰርተፊኬቱ እናንተ ዘንድ ከደረሰበት ቀን አይጀምርም። አስተዳዳሪው 28ቱን ቀን ከተጠቀመባቸው ለእናንተ የሚቀሩት ሌሎቹ 28 ብቻ ናቸው። የሂሳብ ክፍሉ ግን ብዙ ጊዜ የራሱን መዝገብ ቤት ማኅተም አይቶ 56 ይቆጥራል፤ እንዲህ እያለ ማንም ሳያስበው እያንዳንዱን ክፍያ እስከ 28 ቀን ያዘገየዋል። ውሉ ለዚህ መዘግየት ወለድ ይቆርጣል፦ ሌላ ካልተጻፈ በቀር በክፍያው ገንዘብ አገር ማዕከላዊ ባንክ የቅናሽ ምጣኔ (ለባንኮች በሚያበድርበት ወለድ) ላይ 3 ነጥብ ተጨምሮበት፣ በየወሩ እየተጠራቀመ። ተቋራጩ ወለዱን ለማግኘት ማስጠንቀቂያ መጻፍ እንኳ አይጠበቅበትም። ዝም ብሎ አጠራቅሞ በመጨረሻው ሂሳብ ላይ ያመጣዋል።

«እንግዲያው ሰርተፊኬቱ ይቆይ» የሚል መልስ ደጋግመን ይደርሰናል። ካዝናው ባዶ ስለሆነ አስተዳዳሪው ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ እንዲያቆይ ይጠየቃል። ይህ ጊዜ አይገዛም። ሰርተፊኬቱ በወቅቱ ካልወጣ ተቋራጩ በ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊያቆም ወይም ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ ለዚያም ጊዜ፣ ወጪና ትርፍ ይታሰብለታል። መጠየቂያው ከገባ 56 ቀን አልፎም ሰርተፊኬት ካላየ ውሉን የማቋረጥ መብት ያገኛል። ሰርተፊኬቱ ወጥቶ ገንዘቡ ከቀረም የመክፈያው ጊዜ ባለቀ በ42 ቀን ያው መብት ይመጣል። ገንዘብ ከሌለ የሚሻለው መንገድ ሰርተፊኬቱ በትክክለኛው መጠን ወጥቶ ከተቋራጩ ጋር የክፍያ ቀጠሮ በጽሑፍ መዋዋል ነው።

ስሌቱን ከቅርብ እንየው። የውሉ ዋጋ 100 ይሁን፤ ቅድሚያ ክፍያ 20 ተሰጥቷል፤ ሪቴንሽን የምንለው፣ ለጉድለት ማረሚያ ተብሎ ከየክፍያው የሚቀር መያዣ 10 በመቶ ነው። በዚህ ወር ተለክቶ የተረጋገጠው ሥራ 8 ነው። ከእሱ ላይ 0.8 ይያዛል። ሳይት ገብቶ ገና ያልተገጠመ፣ በውሉ ዝርዝር ውስጥ ያለ 2.5 የሚያወጣ ዕቃ አለ፤ 80 በመቶው፣ ማለትም 2፣ ይደመራል። ለቅድሚያ ክፍያው ማስመለሻ ደግሞ የሥራውና የዕቃው ድምር ከሆነው 10 ላይ ሩቡ፣ 2.5፣ ይቀነሳል። የተጣራው 6.7 ነው። መያዣው ከሥራው ላይ እንጂ ከዕቃው ላይ አለመቆረጡን አስተውሉ፤ ብዙ የሂሳብ ሠራተኞች ከ10 ላይ ይቆርጡና ከተቋራጩ ጋር በማያስፈልግ 0.2 ይጣላሉ።

እዚሁ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ዕቃው ከተገጠመ በኋላ የተከፈለበትን 2 መቀነስ መርሳት ነው፤ ያው ብረት አንዴ በዕቃነት፣ አንዴ በአርማታ ውስጥ ይከፈልበታል። ለዚህ መድኃኒቱ ሰርተፊኬቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድምር መሥራትና ያለፈውን መቀነስ ነው። ሁለተኛው የወሩን ሥራ በግምት ማጽደቅ ነው። ሥራው በጋራ ይለካል፤ ተቋራጩ ተጠርቶ ከቀረ የመሐንዲሱ ልኬት ትክክል ተብሎ ይያዛል፤ የቴክ ኦፍ ሺቱ (የልኬት መመዝገቢያው) እያንዳንዱ ገጽ የአክሲስ (በሥዕሉ ላይ ቦታውን የሚያሳየው መስመር) ቁጥርና የሁለት ሰው ፊርማ ይኖረዋል። ሦስተኛው ከእናንተ በኩል የሚመጣ ነው፤ አንድ ኮለን (ምሰሶ) ስለተበላሸ የወሩን ክፍያ በሙሉ ማገድ። ውሉ የሚፈቅደው ጉድለቱን ለማረም ወይም ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ያህል መያዝን ነው። የቀረው ይከፈላል። ባለፈው ሰርተፊኬት ላይ ስሕተት ከተገኘ ደግሞ በሚቀጥለው ይታረማል፤ አንድ ክፍያ ጸደቀ ማለት ሥራው ተቀባይነት አገኘ ማለት አይደለም።

ስለ ቅድሚያ ክፍያው አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በዚህ ምሳሌ የማስመለሱ ሥራ የሚጀምረው የተረጋገጠው ክፍያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ሲያልፍ ነው። በሩብ ሩብ እየተቀነሰ 20ው ተመልሶ የሚያልቀው የተረጋገጠው ክፍያ 90 ሲደርስ ነው። ግንባታው ግማሽ ላይ፣ 50 ላይ ቢቋረጥ የተመለሰው 10 ብቻ ነው፤ ሌላው 10 ተቋራጩ እጅ ነው። ያንን ገንዘብ የሚመልስላችሁ የባንኩ ዋስትና ብቻ ነው። ሥራው ስምንት ወር ዘግይቶ ዋስትናው በመጀመሪያው የማጠናቀቂያ ቀን ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ባንኩ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣን ጥያቄ አይቀበልም። ዋስትናው ሊያልቅ 28 ቀን ሲቀረው ገንዘቡ ገና ካልተመለሰ ተቋራጩ ማራዘም አለበት፤ ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ግን ሁለት ወር ቀድሞ ይጽፋል። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ የሕግ ክፍላችሁ ጠረጴዛ ላይ አይደር።

ሁለተኛው የእጅ ጥምዘዛ ረቀቅ ያለና ብዙ ጊዜ በፈገግታ የሚመጣ ነው። አሠሪው ሳይት ላይ ሲዘዋወር ለፎርማኑ «ይህቺ ግድግዳ ትንሽ ወደዚያ ብትጠጋ ጥሩ ነበር» ይለዋል። ፎርማኑም የባለቤቱን ቃል አክብሮ በማግስቱ ያፈርሳታል። ግድግዳዋ 4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመት አላት እንበል። 12 ካሬ ሜትር ብሎኬት ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ በሁለት ፊት 24 ካሬ ሜትር ልስን ይደገማል፤ ውስጧ የነበረው ኮንዲዩት (የኤሌክትሪክ ሽቦ ቱቦ) እና የሶኬት ሳጥን ይነቀላል፤ የበሩ መቃን ይነሣል፤ ግድግዳዋ የነበረችበት ቦታ ወለሉ ላይ ሴራሚክ የሌለው መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ኮርኒሱም እንዲሁ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለብሎኬትና ለልስን ዋጋ አለ። ለማፍረስ ግን የለም፤ ለተነቀለ ኮንዲዩትም የለም። እነዚህ አዲስ ነጠላ ዋጋ ይፈልጋሉ።

ችግሩ የሚመጣው ማን አዘዘ ሲባል ነው። በዚህ ውል ተቋራጩ ትእዛዝ የሚቀበለው ከመሐንዲሱ ወይም መሐንዲሱ በጽሑፍ ከወከለው ሰው ብቻ ነው። መሐንዲሱ በቃል ካዘዘ ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱ በሌላ ሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ማረጋገጫው ራሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ይሆናል። የእናንተ ቃል ግን በዚህ መንገድ አያልፍም። ተቋራጩ ክፍያ ሲጠይቅ አስተዳዳሪው ፋይሉ ውስጥ ምንም አያገኝም። ካጸደቀ ያለ ትእዛዝ አጸደቀ፤ ከከለከለ ባለቤቱ ያዘዘውን ከለከለ። በቃል ያለ ይረሳል ይባላል፤ በግንባታ ላይ ግን በቃል ያለው ብዙውን ጊዜ አይረሳም፤ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ያስታውሱታል። ስለዚህ ሳይት ስትሄዱ ከአስተዳዳሪው ጋር ሂዱ። የምትፈልጉትን ለእሱ ንገሩት። ከመወሰናችሁ በፊት የገንዘብና የጊዜ ግምቱን እንዲያቀርብላችሁ ጠብቁ። ከፈቀዳችሁ ይጽፈዋል።

ለውጥ ሳይታዘዝም የዋጋ ጥያቄ ይመጣል፤ መጠን ሲጨምር። የአለት ቁፋሮ 1000 ሜትር ኩብ ተብሎ 1200 ቢወጣ፣ ተቋራጩ «ከ10 በመቶ በላይ ጨምሯልና አዲስ ዋጋ ይሰጠኝ» ይላል፤ አሠሪው «ውሉ ላይ ያለው ዋጋ አይነካም» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ውል አንብበዋል። በአንቀጽ 12.3 መሠረት አዲስ ዋጋ ለመስጠት አራት ነገር አብሮ መገኘት አለበት፦ የመጠኑ ለውጥ ከ10 በመቶ ይበልጣል፤ ለውጡ በነጠላ ዋጋው ሲባዛ ከተቀበላችሁት የውል ዋጋ 0.01 በመቶ ያልፋል፤ ለውጡ የዚያን ሥራ የነጠላ ወጪ በቀጥታ ከ1 በመቶ በላይ ይቀይረዋል፤ ዋጋውም «የማይለወጥ» ተብሎ አልተመደበም። ጥያቄዎች በብዛት የሚወድቁት ሦስተኛው ላይ ነው፤ መጠኑ ጨመረ እንጂ ያው ማሽን በዚያው ዋጋ ነው የቆፈረው። ዋጋው ሊወርድ የሚገባው ጊዜም አለ፤ አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

ጊዜ ከገንዘብ ይበልጥ የሚያጣላን ነገር ነው። አሠሪው የጊዜ ማራዘሚያን ለተቋራጩ የሚሰጥ ስጦታ አድርጎ ያያል። ስለዚህ አስተዳዳሪው 40 ቀን ይገባዋል ብሎ ሲጽፍ «ለምን ለእነሱ ትቆማለህ?» ይባላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእንግሊዝ ሕግና እሱን በሚከተሉ ሥርዓቶች፣ ሥራውን ያዘገየው አሠሪው ራሱ ሆኖ ውሉ ለዚያ መዘግየት ጊዜ የሚሰጥበት መንገድ ከሌለው፣ የማጠናቀቂያው ቀን ይወድቃል። ተቋራጩ «በተገቢ ጊዜ» መጨረስ ብቻ ይጠበቅበታል፤ በቀን የተቆረጠው የመዘግየት ካሳም አብሮ ይቀራል። የማራዘሚያው አንቀጽ ውሉ ውስጥ የገባው በከፊል እናንተን ከዚህ ለማዳን ነው። ሌላ ሥርዓት በሚሠራበትም ቢሆን አስተዳዳሪው የተገባውን 40 ቀን ካልሰጠ፣ ስለ እነዚያ 40 ቀኖች የቆረጣችሁትን ካሳ ከነወለዱ ትመልሱታላችሁ።

የሚገባውን ቀን ማግኘት ግን የሆዳችን ጉዳይ አይደለም፤ መርሐ ግብሩ ነው የሚናገረው። ተቋራጩ የማስጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር መርሐ ግብር ያቀርባል፤ መሐንዲሱ በ21 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ሥራው በእሱ ይሄዳል። ይህ ወረቀት ሳይነበብ ከተቀመጠ ከዓመት በኋላ ማን ምን እንዳዘገየ ማንም አያውቅም። የመሠረት ሥዕል 10 ቀን ቢዘገይና መሠረቱ በወሳኙ የሥራ መስመር ላይ (ሲዘገይ መላውን ሥራ በሚያዘገየው) ከሆነ 10 ቀን ሊገባ ይችላል። የደረጃው የእጅ መደገፊያ ሥዕል 10 ቀን ዘግይቶ ለዚያ ሥራ 30 ቀን ትርፍ ጊዜ ካለ ምንም አይገባም። ዝናብም እንዲሁ ነው። «ዘነበ» የሚለው ብቻ አያራዝምም፤ ውሉ የሚለው በልዩ ሁኔታ የከፋ የአየር ጠባይ ነው። የወሩን ዝናብ ከአካባቢው የብዙ ዓመት የሜትሮሎጂ መዝገብ ጋር አነጻጽሮ ከተለመደው መውጣቱን ማየት፣ ከዚያም በእነዚያ ቀኖች ሳይቱ ላይ የቆመው ሥራ ወሳኝ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። ሴራሚክ ሥራ ላይ የነበረ ተቋራጭ በዝናብ አያመካኝም።

የጊዜም ሆነ የገንዘብ ጥያቄ ያለው ተቋራጭ ነገሩን ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ካልሆነ ጥያቄው ይቀርበታል። ዝርዝሩን በ42 ቀን ያስከትላል፤ መሐንዲሱም በ42 ቀን ይመልሳል። በ2017ቱ እትም ዝርዝሩ 84 ቀን ሆኗል፤ 28ቱ ቀን ግን አሁን ለአሠሪውም ጥያቄ ይሠራል። ስለዚህ ከተቋራጩ የምትፈልጉት ገንዘብ ካለ «መጨረሻ ላይ እናሳየዋለን» ብላችሁ ያደራችሁት ሊቀርባችሁ ይችላል። መሐንዲሱ በዚያ እትም በተሰጠው ጊዜ ውሳኔ ካልሰጠ ጥያቄው እንደ ተጣለ ይቆጠራል፤ ውሳኔ ሰጥቶ ያልተስማማው ወገን በ28 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ካላስታወቀ ደግሞ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። አስተዳዳሪያችሁ «ውሳኔው ወጥቷል፤ ካልተስማማችሁ ዛሬ ጻፉ» ሲላችሁ የሚያስቸኩለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው። የሳይት ማስታወሻ በየቀኑ ይሞላል፦ የአየሩ ጠባይ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሠራተኛ በየሙያው ስንት፣ የሠራና የቆመ ማሽን፣ የገባ ዕቃ፣ የተሞላ አርማታ ከየት እስከ የት፣ የተሰጠ ትእዛዝ፣ የመጣ እንግዳ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ «ክሬኑ 19 ቀን ቆሞብኛል» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነው። ከመሸፈኑ በፊት መታየት ያለበት ሥራ በተለይ እንዲህ ይያዛል። የመሠረት ወይም የሶሌታ (የፎቅ ወለል) ብረት ሲታይ የዘንጉ ዲያሜትርና ርቀት፣ የስታፋው (ዘንጎቹን የሚያስረው ቀለበት) መንጠቆ፣ የመደራረቢያው ርዝመት፣ ከካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) የሚያርቀው ስፔሰር፣ ወደ ላይ የሚቀጥለው የኮለን ብረት ቦታ፣ ሁሉም ሜትር ተይዞበት ፎቶ ይነሣል፤ ፎቶው ላይ የአክሲሱ ስም ይታያል። ተቋራጩ ሳያስታውቅ ከሸፈነ አስገልጦ ማየት ይቻላል፤ መልሶ መሸፈኑም በራሱ ወጪ ነው። አስታውቆ የእኛ ሰው ከዘገየ ግን ያው መዘግየት የተቋራጩ ክሌይም (የጊዜና የገንዘብ ጥያቄ) ይሆናል። የተቆጣጣሪ ቁጥር ስትቀንሱ የምትቆጥቡት ከዚህ ላይ ነው።

በርክክብ ሰሞን ደግሞ ችኮላ ያጠፋችኋል። ሕንፃው ሊያልቅ ሲል ምድር ቤቱ ባዶ ሆኖ ያሳሳችሁና ወንበርና ጠረጴዛ ታስገባላችሁ፤ ቢሮ ይከፈታል። በአንቀጽ 10.2 መሠረት አሠሪው ሰርተፊኬት ሳይወጣ የተጠቀመበት ክፍል፣ መጠቀም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እንደ ተረከበ ይቆጠራል። ያ ክፍል ቢቃጠል ወይም ውኃ ቢገባው የጥበቃው ኃላፊነት ከተቋራጩ ወደ እናንተ አልፏል፤ የመዘግየት ካሳውም በዚያ ክፍል ዋጋ መጠን ይቀንሳል። ተቋራጩ ከጠየቀ አስተዳዳሪው ለዚያ ክፍል የርክክብ ሰርተፊኬት መስጠት ግዴታው ነው፤ አትቆጡት። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ሊዘጋጅ የሚገባው ብዙ አለ፤ የጉድለት ዝርዝር፣ የቆጣሪ ንባብ፣ ቁልፍ፣ የኢንሹራንስ ለውጥ።

የሙሉ ርክክብ ጥያቄ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ተቋራጩ ያልቃል ብሎ ካሰበበት ቀን 14 ቀን ቀድሞ መጠየቅ ይችላል፤ መሐንዲሱ በ28 ቀን ውስጥ ሰርተፊኬት ይሰጣል ወይም የጎደለውን ዘርዝሮ ይከለክላል። ዝም ካለና ሥራው በመሠረቱ ካለቀ ሰርተፊኬቱ በ28ኛው ቀን እንደ ወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ «ኃላፊው ከጉዞ እስኪመለሱ ይጠበቅ» የሚባል ነገር የለም። የቀለም ጠባሳና የተንጋደደ እጀታ ርክክብን አያስቀርም፤ የማይሠራ የእሳት ማጥፊያ መስመር ወይም ሊፍት ያስቀራል። ርክክቡ ሲወጣ የመያዣው ግማሽ ይለቀቃል፤ ሌላው ግማሽ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልቅ። ይህ ጊዜ ከማለቁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ከአስተዳዳሪው ጋር ሕንፃውን ከጣሪያው እስከ ምድር ቤቱ ተዘዋወሩበት፤ በጊዜው ውስጥ ያልተጻፈ ጉድለት በኋላ ማስጠገን እጅግ ከባድ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። አስተዳዳሪውን ከጨረታው በፊት ቅጠሩት፤ ሥዕሉና የሥራ ዝርዝሩ የማይገጥሙበትን ቦታ ያኔ ቢያገኘው እርማቱ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ክሌይም ነው። እናንተን ሳያስፈቅድ እንዳያደርግ የምትፈልጉት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ከተወሰነ መጠን በላይ ለውጥ ማዘዝ፣ በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ተቋራጩ እያየው ይጻፍ። በውስጥ ደብዳቤ የሚሰጥ ገደብ ከተቋራጩ ጋር የገባችሁትን ግዴታ ያፈርሳል። የአስተዳዳሪውን የአገልግሎት ክፍያ ከተቋራጩ ላይ ከቀነሰው ሂሳብ ጋር አታያይዙት። የነደፈው ድርጅት ውሉንም የሚያስተዳድር ከሆነ የራሱን ሥዕል መዘግየት ራሱ ሊዳኝ ነውና፣ የጊዜ ጥያቄዎችን ሥዕሉን ያልነካ ሰው እንዲመረምር በውሉ ላይ አስገቡ። ውሳኔው ስላልጣማችሁ ልትቀይሩት ካሰባችሁም፣ በ1999ኙ ውል የሚተካውን ሰው ስም ለተቋራጩ ከ42 ቀን በፊት ማስታወቅ እንዳለባችሁና ተቋራጩ በቂ ምክንያት ካቀረበ ያን ሰው መሾም እንደማትችሉ እወቁ።

ከእናንተ በኩልም መልስ የመስጠት ሥልጣን ያለው አንድ ሰው መድቡልን፤ ለምንጽፈው ደብዳቤ በሰባት ቀን ውስጥ እሺ ወይም እምቢ የሚል።

ከሰላምታ ጋር፣

የግንባታ ውል አስተዳደር ባለሙያዎች